የ1965ቱን ገጽ ተወው፦ ኦሪጅናል የኮሚክ ሥዕል ስለ መግዛትና ዜናውን ስለ መከታተል

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮሚክ እያነበብኩ ነው ያደግኩት። አሁን ትንሽ ገንዘብ ስላጠራቀምኩ በእጅ የተሣለ አንድ ኦሪጅናል ገጽ መግዛት አምሮኛል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ አግኝቻለሁ። በ1965 የወጣ፣ የታዋቂው አሜሪካዊ የኮሚክ ሰዓሊ የጃክ ከርቢ ገጽ ነው ይላል። ወረቀቱ 28 በ43 ሳንቲ ሜትር ነው። በጣም ንጹሕ ነው፣ የንግግር ጽሑፍ የለበትም፣ ጀርባውም ነጭ ነው። የትክክለኛነት ሰርተፍኬት አብሮ ይሰጣል። ዋጋው እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይረክሳል። ፊልም ሊወጣ ነው ስለሚባል፣ ዋጋው ሳይንር ልግዛው? ደግሞስ ይህን ሁሉ የኮሚክ ዜና እንዴት ነው የምትከታተሉት? እኔ ግራ ገብቶኛል።»

መልስ፦ አትግዛ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ ይህን ግን አስቀድሜ ልንገርህ። ገንዘቡን ገና ካልላክህ እጅህን ሰብስብ።

ሻጩን አላውቀውም፤ ገጹንም አላየሁትም። ግን አንተ ራስህ በጻፍከው ውስጥ በቂ ማስረጃ አለ። አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መጠኑ። በ1965 የአሜሪካ ኮሚክ ሰዓሊዎች የሚሠሩት ከታተመው ገጽ እጥፍ በሚጠጋ ትልቅ ወረቀት ላይ ነበር። ሥዕሉ ብቻውን፣ ህዳጉ ሳይቆጠር፣ 32 በ47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ 25 በ38 ዝቅ ያለው በ1967 አካባቢ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው የ28 በ43 ወረቀት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ አስበው፤ የ1965ቱ ሥዕል ሻጩ ካለው ወረቀት ራሱ ይበልጣል። ሰውየው በገዛ አፉ መስክሯል።

ቀጥሎ ጽሑፉ። በዚያ ዘመን አንድ ገጽ በቅብብሎሽ ነው የሚሠራው። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል። ጸሐፊው ንግግሩን ካዘጋጀ በኋላ ሌላ ባለሙያ እዚያው ወረቀት ላይ ባሉኖቹን (ንግግሩ የሚጻፍባቸውን ክቦች) እና ፊደሎቹን በእጁ ይጽፋል። ማርቭል በሚባለው አሳታሚ ቤት ይህን ሲሠሩ ከነበሩት ውስጥ አርቲ ሲሜክና ሳም ሮዘን ይገኙበታል። ከዚያ ነው ወረቀቱ የእርሳሱን መስመር በጥቁር ቀለም ለሚያወጣው ሰው የሚሄደው። ስለዚህ የ1965 ገጽ ላይ ንግግሩ አብሮ አለ። ባሉን የሌለው ባዶ ገጽ ጽሑፍ በኮምፒውተር መሠራት ከጀመረ በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ንጽሕናውም ያጠራጥረኛል። ከርቢና ጸሐፊው ስታን ሊ ሲሠሩ ሙሉ ስክሪፕት ቀድሞ አይጻፍም ነበር። በታሪኩ ሐሳብ ላይ ይነጋገራሉ፣ ከርቢ ይሥለዋል፣ ንግግሩ ኋላ ይጨመራል። ስለዚህ ከርቢ እያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ህዳጉ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ገጾቹ ላይ ይህ የእጅ ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። እኔ በግሌ ከሥዕሉ እኩል የምወደው ይህን ነው። ታሪኩን ሲያስብ የነበረው ሰው ድምፅ እዚያው ዳር ላይ ቀርቷል። የገጽ ቁጥር፣ የእትም ቁጥር፣ የአርታኢ ማስተካከያም አለ። አንዳንዱ ጀርባ ላይ በ1954 የተቋቋመው፣ የኮሚኮችን ይዘት የሚመረምረው የኮሚክስ ኮድ ባለሥልጣን ማኅተም ተመትቶ ይገኛል። ብዙ ሰው እጅ ውስጥ የገባ፣ ወደ ማተሚያ ቤት የሄደና የተመለሰ ወረቀት ጭራሽ ነጭ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «በቀለም ያወጣው ማነው?» ከርቢ በዚያን ጊዜ የሚሠራው በዋናነት የእርሳሱን ሥራ ነው። ቀለሙን እንደ ጆ ሲኖትና ቪንስ ኮሌታ ያሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ የሚሠሩት። ይህን ሳያውቅ የከርቢ ገጽ የሚሸጥ ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም። ወይም በደንብ ያውቃል።

ሰርተፍኬቱን እርሳው። ሻጩ ራሱ ጽፎ ራሱ የፈረመው ወረቀት ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው የገጹ ታሪክ ነው። ከማን ገዛው? ያ ሰውስ ከየት አመጣው? ቀድሞ በሌላ ጨረታ ወይም በሌላ ሰብሳቢ ስብስብ ውስጥ ታይቷል? በከርቢ ገጾች ላይ ይህ ጥያቄ በተለይ ይከብዳል። ለማርቭል ከ10,000 በላይ ገጽ እንደሠራ ይገመታል። ከረጅም ክርክር በኋላ በ1987 የተመለሰለት ግን 2,000 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ጠፍቷል፣ ተሰርቋል፣ ተሰጥቷል፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ይህ ለሰዓሊው ትልቅ በደል ነበር፤ እኔም ገጾቹን ባየሁ ቁጥር አልረሳውም። ለገዢ ደግሞ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የጨዋነት ጥያቄ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሽያጭ ላይ ሊወጡ የማይችሉ ገጾችም እንዳሉ እወቅ። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣበት እትም ውስጥ ስቲቭ ዲትኮ የሣላቸው 24 ኦሪጅናል ገጾች በ2008 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ተሰጥተዋል። ሰጪው ስሙ እንዲታወቅ አልፈለገም። ከእነዚህ አንዱን እሸጥልሃለሁ የሚል ከመጣ መልስ መስጠትም አያስፈልግህ።

ሻጩን ሌባ ነው ብዬ አልደመድምም። ምናልባት የያዘው የድሮውን ገጽ ሌላ ሰው እንደገና የሣለው ይሆናል። እንደገና የተሣለ ገጽ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ነውር የለበትም፤ ዋጋው ግን ከኦሪጅናሉ ጋር አይገናኝም። ምናልባትም ጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ ኮፒ ነው። ይህን ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ ላሳይህ፤ ለወደፊቱም ይጠቅምሃል።

ማንኛውንም ሻጭ ገጹን መብራት ከጎን አስጠግቶ፣ ቀረብ ብሎ ፎቶ እንዲያነሳልህ ጠይቀው። መብራቱ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ዝቅ ይበል። በብሩሽ የተሞላ ጥቁር ቦታ አንድ ወጥ አይሆንም። ብሩሹ የሄደበት መንገድ ይታያል። አንዱ ጋ ድፍን ጥቁር፣ አንዱ ጋ ሳሳ ብሎ ቡናማ ቢጤ ይሆናል። ስህተት የታረመበት ነጭ ቀለም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም ተሰነጣጥቆ ታየዋለህ። ከቀለሙ ሥር ያልጠፋ የእርሳስ መስመር ይኖራል። ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስም ልታይ ትችላለህ። የድሮው የማተሚያ ቤት ካሜራ ያንን ሰማያዊ ስለማያነሳው ሰዓሊዎቹ ሳይፈሩ ይነድፉበት ነበር። ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈበት ቦታ ካለ ሙጫው ቢጫ ጠባሳ ጥሎበታል። አንዳንዴ ልጣፊው ወድቆ ጠባሳው ብቻ ይቀራል። በተቃራኒው ጥቁሩ ሁሉ እኩል ከጠቆረና በማጉያ መነጽር ስታየው ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ፣ ከፕሪንተር የወጣ ነው።

ከዚያ የታተመውን ገጽ ፈልገህ ጎን ለጎን አስቀምጥ። መስመሮቹ መግጠም አለባቸው። ነገር ግን ኦሪጅናሉ ላይ ኅትመቱ ላይ የሌለ ነገር መኖር አለበት፦ የተሰረዘ፣ ከሥዕሉ ሣጥን ያለፈ፣ የታረመ። ከኅትመቱ የማይለይ «ኦሪጅናል» ካየህ ከኅትመቱ የተገለበጠ ነው ብለህ ጠርጥር። ሌላ ሥዕል ላይ ተደግፎ የተገለበጠ መስመር ደግሞ ያመነታል። ረጅም መሆን ያለበት ጭረት መሃል መሃል ላይ ቆም፣ ነቅነቅ ይላል። ጥቂት እውነተኛ ገጾች ካየህ በኋላ ዓይንህ ራሱ ይለየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የከርቢ ገጽ ለመጀመሪያ ግዢ የሚሆን አይደለም። ገንዘቡ ቢኖርህም አልመክርህም። ትልቅ ስም ያለበት ቦታ ትልቅ ገንዘብ አለ፣ ትልቅ ገንዘብ ያለበት ቦታ ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። ዛሬ እየሠራ ካለ፣ ራሱን ወይም ወኪሉን አግኝተህ ልትጠይቀው ከምትችል ሰዓሊ ግዛ። ገጹ ከጠረጴዛው ወደ አንተ ሲመጣ የትክክለኛነት ጭንቀት ከሞላ ጎደል ያበቃል። ገንዘቡም ለሠራው ሰው ይደርሳል። ብዙዎቹ የኮሚክ ሰዓሊዎች በገጽ ተከፍሏቸው የሚኖሩ፣ ጡረታ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ከዋናው ክፍያ ላይ የኦሪጅናሉ ሽያጭ ሲጨመር ነው ኑሯቸው የሚሟላው።

የዜናው ጥያቄህም የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ዜናውን የምታነበው ለገጸ ባሕርያቱ ይመስለኛል። ማን ይሞታል፣ ማን ይመለሳል፣ የትኛው ፊልም ይሠራል። ለሰብሳቢ ግን የሚጠቅመው ዜናው ውስጥ ያለው የሰዓሊው ስም ነው። አሳታሚዎቹ አንድ እትም ከመውጣቱ ከሁለት ሦስት ወር በፊት የሚወጡትን መጻሕፍት ዝርዝር ያሳውቃሉ። እዚያ ላይ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደሣለው፣ ሽፋኑን ማን እንደሠራው ተጽፏል። ያንን ዝርዝር በወር አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አንብብ። ሌላው ሁሉ፣ በየሰዓቱ የሚለቀቀው ሁሉ፣ ቢያመልጥህ ምንም አይቀርብህም።

ቀድሞ ይህ ዝርዝር በአንድ ካታሎግ ተጠቃልሎ ይገኝ ነበር። የአሜሪካን የኮሚክ ሱቆች ሥርጭት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የያዘው ዳይመንድ የሚባለው አከፋፋይ ስለነበረ ነው። በ2020 ሌላው ትልቅ አሳታሚ ዲሲ ጥሎት ወጣ። በ2021 ማርቭል ወደ ሌላ አከፋፋይ፣ ወደ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ሄደ። በጥር 2025 ዳይመንድ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ ግራ የገባህ አንተ ብቻ አይደለህም። ዛሬ የምትከታተለውን አሳታሚ ዝርዝር ከራሱ ከአሳታሚው ማንበብ ነው የሚሻለው።

ትልልቅ ማስታወቂያዎች ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍለው አይመጡም፤ በአንድ ላይ ነው የሚጎርፉት። ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደው የሳንዲያጎ ኮሚክ ኮን በሐምሌ፣ የኒው ዮርኩ በጥቅምት ነው። በእነዚያ ቀናት ከሚነገረው ውስጥ አሳታሚው ራሱ በስም ያሳወቀውን ብቻ ያዝ። «ምንጮች እንደሚሉት» የሚለው እዚያው ይቆይ። እውነት ከሆነ ሲደርስ ታየዋለህ።

ስሙን ከያዝክ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ከሚማርኩህ ሰዓሊዎች ሦስት አራቱን ምረጥ። ኦሪጅናላቸውን ማን እንደሚሸጥላቸው አጣራ። አንዳንዱ ራሱ ይሸጣል፣ አንዳንዱ ወኪል አለው። ወኪሎች የአንድ እትም ገጾችን ብዙ ጊዜ የሚያወጡት መጽሐፉ ሱቅ ከገባ በኋላ ነው፤ ታሪኩ አስቀድሞ እንዳይታወቅ ብለው። እትሙ የሚወጣበትን ቀን ካወቅክ ገጾቹ መቼ ገደማ እንደሚመጡ ታውቃለህ። ጥሩ ጥሩዎቹ ቶሎ ያልቃሉ፤ የዜናው ትርፍም ይህ ነው።

ከመክፈልህ በፊት ግን ሰዓሊው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቅ። ዛሬ ብዙዎቹ በስክሪን ላይ ነው የሚሥሉት። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። አንዳንዶቹ በእርሳስ ወረቀት ላይ ነድፈው ቀለሙን በኮምፒውተር ይጨርሱታል። ሌሎች ደግሞ የእርሳሱ ሥዕል ስካን ተደርጎ፣ በፈዛዛ ሰማያዊ ሌላ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ሁለተኛው ሰው በዚያ ላይ በቀለም ይሠራል። ያኔ ለአንድ ገጽ ሁለት ኦሪጅናል ይኖራል፦ የእርሳሱ አንድ፣ የቀለሙ አንድ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ ግን የእርሳሱ ሰዓሊ እጅ የቀለሙን ወረቀት ነክቶት አያውቅም። አብረው ቢሸጡ እመርጣለሁ። በአንድ ወረቀት ላይ እርሳሱም ቀለሙም ካለ ከሁሉ ይበልጣል።

ገጽ ከገጽ እንዴት ይለያል? ሽፋን ከሁሉም ይወደዳል። ቀጥሎ ሙሉ ገጹን የያዘ አንድ ሥዕል፤ ከዚያ ዋናው ገጸ ባሕርይ ልብሱን ለብሶ በደንብ የሚታይበት ገጽ። ከሁሉ የሚረክሰው ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ነው። አንዳንዴ አንዲት ሣጥን ሁሉን ትቀይራለች። ሄርብ ትሪምፕ የሠራው የሃልክ ቁጥር 180 የመጨረሻ ገጽ በ2014 በ657,250 ዶላር ተሸጧል። ምክንያቱ ዎልቨሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚያ ገጽ መጨረሻ ሣጥን ስለሆነ ነው። ማይክ ዜክ የሣለው፣ የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ ታሪክ የሚነገርበት የሲክሬት ዎርስ ቁጥር 8 አንድ ገጽ ደግሞ በጥር 2022 3.36 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እነዚህ ከአንተ ግዢ ጋር አይገናኙም፤ ገበያው ምን እንደሚከፍልበት ግን ያሳዩሃል። እኔ ብሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የምገዛው የንግግር ገጽ ቢሆን አላፍርም። ፊት መሣል የሚችል ሰዓሊ የሠራው የሁለት ሰዎች ክርክር፣ ግድግዳ ላይ ሆኖ በየቀኑ ሲታይ ከብዙ ድብድብ ይበልጣል።

ፊልሙን በተመለከተ፦ በፊልም ወሬ አትግዛ። ወሬው ሲወጣ ሻጮቹም ሰምተውታል። ዋጋው አንተ ከመድረስህ በፊት ጨምሯል። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ገጹ ይረክሳል። ሰዓሊ ሲያርፍም እንዲሁ ነው። በሐዘኑ ሳምንት ገጾች በብዛት ይወጣሉ፣ ዋጋውም በስሜት ይነዳል። በ2022 ጆርጅ ፔሬዝ ሲያርፍ እኔም እንደሁሉም አዝኜ ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራውን ማየት እንጂ መግዛት አላስፈለገኝም። ጥቂት ወር ታገስ። የተሸጡበትን ዋጋ ለማወቅ ደግሞ እንደ ሄሪቴጅ ያሉ ጨረታ ቤቶች የድሮ ሽያጮቻቸውን መዝገብ ያሳያሉ፤ በነጻ መመዝገብ ብቻ ነው። የሻጭን ወሬ ሳይሆን ያንን አንብብ። ስትጫረትም ከምትጠራው ዋጋ ላይ የቤቱ ኮሚሽን እንደሚጨመር አትርሳ፤ ብዙ ጊዜ ወደ 20 በመቶ ይሆናል።

ከኮሚክ መጽሐፍ ሰብሳቢነት የመጣህ ስለሆንክ አንድ ልማድ መተው ይኖርብሃል። መጽሐፉ ላይ አንዲት እጥፋት ዋጋ ትጥላለች፤ ሁሉም በይዞታው ከ10 9.8 ነጥብ ያለውን ነው የሚፈልገው። ኦሪጅናል ሥዕል እንደዚያ አይደለም። አንድ ብቻ ነው ያለው። ኤርዤ በ1936 ለቲንቲን «ሰማያዊው ሎተስ» የሠራው የሽፋን ሥዕል በኅብረ ቀለም ማተሙ ይወደዳል ተብሎ ሳይወጣ ቀረ። ሥዕሉ ታጥፎ ኖሮ የእጥፋቱ መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። በጥር 2021 ፓሪስ ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ስለዚህ የቡና ጠብታ ወይም የሙጫ ጠባሳ ያለበት ገጽ ሲመጣልህ ፊትህን አታዙር።

የአያያዙ ነገር አጭር ነው። ከፀሐይ አርቀው። አሲድ የሌለው ወረቀትና ካርቶን ተጠቀም፤ ፍሬም ካስገባኸው አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት ይሁን። በኢንዲያን ኢንክ የተሠራ ጥቁር ብዙ ይችላል፤ በማርከር የተቀባ ቀለም ግን ብርሃን ካገኘው ይደበዝዛል። የተለጠፈ ነገር ከወደቀ ራስህ አትለጥፈው። ከወረቀቱ ጋር ኤንቨሎፕ ውስጥ አስቀምጠው። ወረቀቱን ስትገዛ ሥዕሉን የማተም መብት እንዳልገዛህም እወቅ፤ ቲሸርት ላይ ማተም አትችልም።

ለዚያ ሻጭ አሁን እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ የገጹን ጀርባ፣ ከጎን መብራት የተነሣ ፎቶና ከማን እንደገዛው ላክልኝ፤ ክፍያውም ገዢን በሚጠብቅ መንገድ ነው የምፈጽመው። ገንዘቡን በስጦታ መልክ (ያለ ገዢ ጥበቃ) ላክ ካለህ፣ ወይም ሌላ ገዢ ስላለኝ ዛሬውኑ ወስን ካለህ፣ ጉዳዩ አልቋል። ፎቶዎቹን ከላከ ግን ወደ እኔ አስተላልፋቸውና አብረን እናያቸዋለን። የከርቢ ገጽ ባይሆንም፣ ምን እንደሆነ ማወቁ ራሱ ጥሩ ትምህርት ይሆንሃል። እስከዚያው የሚቀጥለው ወር የአሳታሚዎች ዝርዝር ሲወጣ የምትወዳቸውን ሰዓሊዎች ስም አስምርባቸው። ማን ማን እንደሆኑ ጻፍልኝ፤ ከእነሱ ውስጥ በወረቀት ላይ የሚሠሩትን የማውቃቸውን እነግርሃለሁ።